ነገ በአሥር ሰዓት ከከተማው ቡድን ጋር

ይህች ወረቀታችን ዛሬ ስለ ግጥም አትናገርም። ባለፈው ጊዜ ስለ ሰምና ወርቅ የጀመርነውን ጨዋታ ለሚቀጥለው አሳድረነዋል። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነገ እሑድ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ ከማንያታ በታች ባለው የቀይ አፈር ሜዳ፣ የሠፈራችን ቡድን ከከተማው ቡድን ጋር ይጋጠማል። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ በውሃው ወረፋ፣ በራሽኑ ሰልፍ፣ በሻይ ቤቷም ሌላ ወሬ የለም። እንግዲህ ወረቀቷን በእጃችን የምንጽፍ እኛም ከሕዝቡ መለየት አልፈለግንም።

እውነቱን አስቀድመን እንናገር። ተጋጣሚያችን ከእኛ ይበልጣል። በዕድሜ ይበልጠናል ስንል ያንሰናል ማለታችን ነው፤ ከልጆቹ መካከል ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ቢገኝ አንድ ወይም ሁለት ነው። ከእኛ ተሰላፊዎች ግን ግማሾቹ ሠላሳን አልፈዋል፤ የመሐል ተከላካያችንማ ዕድሜውን ሲጠይቁት ወደ ሰማይ ማየት ጀምሯል። እነርሱ ሁሉም ባለ ጥርስ ጫማ አላቸው። እኛ አምስት ጥንድ አለን፤ የቀረው በሸራ ጫማ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ በበረባሶ ይሰለፋሉ። እነርሱ በሳምንት ሦስት ቀን ይለማመዳሉ፤ ሁለቱ ልጆች ማርሳቢትና ኢሲዮሎ ድረስ ሄደው ተጫውተው ያውቃሉ። እኛ ኬላውን አልፈን መሄድ ስለማይፈቀድልን ሩቅ የተጫወትነው እዚሁ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። የእነርሱ አጥቂ ቀኑን ሙሉ ሞተር ብስክሌት እየነዳ ሰው የሚያመላልስ ጎረምሳ ነው፤ ሲሮጥም ሞተሩ ከሥሩ ያለ ይመስላል።

እስካሁን ሁለት ጊዜ ተጋጥመናል። መጀመሪያ 5 ለ 1፣ ቀጥሎ 3 ለ 0 ተሸንፈናል። ከሁለተኛው ጨዋታ በኋላ የከተማው ልጆች ባገኙን ቁጥር ሦስት ጣት እያሳዩ ይስቁብን ጀመር። ሦስቱ ጣት ደግሞ ሌላም ትርጉም ነበረው። ጥቅምት 4 ቀን 2011 ዓ.ም. በናይሮቢ ካሳራኒ ስታዲየም ኬንያ ኢትዮጵያን የረታችው በዚሁ በ3 ለ 0 ነበር፤ ከአራት ቀን በፊት ባሕር ዳር ላይ 0 ለ 0 ተለያይተው ነበርና ያን ጊዜ ብዙ ተስፋ አድርገን ነበር። የሻይ ቤቱ ባለቤት ይህን አይረሳም። ስኳር በጨመረልን ቁጥር «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ይቈጥራል። ደግ ሰው ነው፤ በዱቤም ይሰጠናል፤ ግን ይቈጥራል።

እኛን «ኮሌጅ» ብለው የሚጠሩን ለምን እንደ ሆነ አዲስ ለመጡት እንግለጽ። ከአሥራ አንዱ ተሰላፊዎች ሰባቱ በአንድ ወቅት የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ደጅ የረገጡ ናቸው። ሦስቱ ተመርቀው ያስተማሩ፣ አራቱ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የወጡ። ስሙን ያወጣልን ከተማው ነው፤ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ፌዝ ይመስለናል። በሜዳው ዳር «ኮሌጅ! ኮሌጅ!» ብለው ሲጮኹ የትኛው እንደ ሆነ ከድምፁ አይለይም።

ለመሆኑ ደካማው ብርቱውን የሚረታው እንዴት ነው? ይህን ጥያቄ በዛፍ ሥር ለምናስተምራቸው ልጆች ባለፈው ሐሙስ አቀረብንላቸው። አንዷ «ብርቱው ሲታመም» አለች። ሌላው «ዳኛው ዘመድ ሲሆን» አለ። እኛም ሁለቱንም ከሰማን በኋላ የ1954ን ታሪክ ነገርናቸው፤ እዚህም ላይ ልንደግመው ነው፤ የሚያውቅ ይለፈው።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲደረግ የሚወዳደሩት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሥርዓቷ ምክንያት ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከውድድሩ ወጣች። ዕጣው ከእርሷ ጋር ደርሶን ስለ ነበር አንድም ጨዋታ ሳንጫወት ለፍጻሜ ደረስን። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 ረታችን፤ አራቱንም ያገባው ኤድ ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነው። በግንቦት 1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ እንደገና ገጠምናት፤ እንደገና 4 ለ 0። እንግዲህ ሁለት ጊዜ ተጋጥሞ ስምንት ግብ መቀበል፣ አንድም አለማግባት! የእኛ 5 ለ 1 ከዚህ አይብስም።

ሦስተኛው ውድድር አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ 2 ለ 0 መርታን ነበር፤ ጨዋታው ግን በ4 ለ 2 አሸናፊነታችን አለቀ። ከዚያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ስታዲየም ያችው ግብፅ መጣች፤ የሁለቱም ዋንጫ ባለቤት። መጀመሪያ እርሷ አገባች። ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ግብፅ ወዲያው በሚያስደነግጥ ፍጥነት ሁለተኛውን አስቆጠረች። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን መለሰ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ አገቡ፤ 4 ለ 2። ብዙዎች የአዲስ አበባን ከፍታ ያነሣሉ፤ እንግዳ በዚያ አየር ለሁለት ሰዓት ሲሮጥ ሳንባው ይከዳዋል ይላሉ። ልክ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ልጆቹን ያስጻፍናቸው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ተመሩ፣ ሁለት ጊዜም ደረሱ።

ከአሠልጣኞቹ አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ለዚህች ወረቀት አንባብያን አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ፤ ይድነቃቸው የዚያ በግጥም የታወቀው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። ስለዚህ ኳስና ግጥም በአንድ ቤት ሊያድሩ አይችሉም የሚለን ሰው ካለ መልሱ ይኸው። በኋላም ከ1964 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. ድረስ፣ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

አምበሉን ሉቻኖን በተመለከተ ለልጆቹ ስንነግራቸው ድምፃችን ትንሽ ተለወጠ፤ አስተውለውታል። አሥመራ ላይ ከጣልያን አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለ ሰው ነው። በደርግ ዘመን ያለውን ጥሎ ተሰደደ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በጣልያን አገር አረፈ። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ዋንጫውን ይዞ ነው የተሰደደው?» ሲል ጠየቀን። አይደለም አልነው። «ታዲያ ማን ጋ ቀረ?» አለ። ዋንጫ የአገር ነው ብለን አለፍነው፤ እርሱ ግን በመልሱ የረካ አይመስለንም።

ይህ ሁሉ የሰማነው ታሪክ ነው። በዓይናችን ያየነው የ2005 ነው። ያን ዓመት እኛ ገና የኮሌጅ ሠልጣኝ ነበርን፤ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፋ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከዛምቢያ ጋር የምታደርግበት ቀን ነበር። ዛምቢያ ያለፈውን ዋንጫ የወሰደች ናት። የቃና ዘገሊላ ማግስት ነበር። በኮሌጁ የምግብ አዳራሽ አንዲት ቴሌቪዥን ወንበር ላይ ወንበር ደርበን ሰቅለን፣ ሦስት መቶ ያህል ሰው በአንድ ትንፋሽ ያይ ነበር። ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት መታ፤ በረኛው አዳነበት። ጥቂት ቆይቶ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። አሥር ሰው ቀረን። በመጀመሪያው አጋማሽ ማብቂያ ላይ ዛምቢያ አገባች። በዚህ ጊዜ ከጎናችን የተቀመጠው መምህር ተነሥቶ ወጣ፤ «የታወቀ ነው» እያለ። ከዕረፍት በኋላ ግን እነዚያ አሥር ሰዎች ኳሷን በአጭር በአጭሩ እየተቀባበሉ፣ ሳይደነግጡ፣ ሳይወረውሯት መጫወት ቀጠሉ፤ አዳነ ግርማም አገባ። 1 ለ 1 ተፈጸመ። የወጣው መምህር ጩኸቱን ሰምቶ ሲሮጥ ሲመለስ በሩ ላይ ወደቀ። ቀኑ ጥር 13 ነበር፤ ከ1954ቱ ልክ 51 ዓመት። ይህን ያሰብነው ዘግይተን፣ እዚህ ማንያታ ከመጣን በኋላ፣ ለልጆቹ ቀኖቹን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ ነው።

ነገሩን ሳንቈራርጥ እንናገር ካልን ከዚያ በኋላ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸንፈውናል። ከውድድሩ ይዘን የተመለስነው ያችኑ አንድ ነጥብ ነው። እኛ ግን ስለዚያ ዓመት ሲወራ የምናስታውሰው ቡርኪና ፋሶን አይደለም። ሰው እንዲህ ነው የተፈጠረው፤ ጥሩም ይሁን መጥፎ አናውቅም።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ።

ከአምስት ሳምንት በፊት በውሃ ቧንቧው ዘንድ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ውሃው በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ በመጣበት ሳምንት የእኛና የከተማው ልጆች በጀሪካን ተራ ተጣሉ። ድንጋይ ተወረወረ። የአንድ የከተማ ልጅ ቅንድብ ተተረተረ፤ ሐኪም አራት ቦታ ሰፋው። የወረወረው የእኛ ተማሪ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ክፍልፋይ ከሁሉም ቀድሞ የሚሠራ ልጅ። ይህን ያህል በሠፈሩ ይታወቃል። የማይታወቀውን ደግሞ እኛ እንናገር።

የ3 ለ 0ው ሽንፈት የነበረው ከዚያ ጠብ አራት ቀን በፊት ነው። ያን ጊዜ ግብ ጠባቂው እኛ ነበርን። ሦስተኛዋ ግብ በእግራችን መሐል ነው የገባችው፤ ሕዝቡ እስኪበቃው ሳቀ። በማግስቱ ከዛፉ ሥር ስንደርስ ሆዳችን ገና አልበረደም ነበር። የሒሳብ ትምህርት ልንጀምር ስንል አንድ ልጅ ስለ ጨዋታው ጠየቀን። እኛም፣ «እነዚህ ሰዎች እንኳን ጨዋታ ውሃም ይመቀኙናል» አልን። በቁጣ የተነገረ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ወደ ክፍልፋይ ገባን፤ ረሳነውም። ልጁ ግን አልረሳውም። ከጠቡ በኋላ ለምን ወረወርክ ብለን ስንገሥጸው መሬት መሬት እያየ፣ «ጋሼ ራስዎ ብለዋል» አለን።

በኮሌጅ ሳለን ስለ ልጅ አስተዳደግ ሥነ ልቡና ብዙ ደብተር ሞልተናል። መምህር በክፍል ውስጥ የሚናገረው ሁሉ ትምህርት ነው የሚልም ተጽፎ ነበር፤ ፈተና ላይ መጥቶልን መልሰነዋል።

ያን ዓረፍተ ነገር ያልነው ደግሞ ስለ ማን ነው? እነዚህ ሰዎች ድንበሩ በመንደራቸው መካከል ያለፈባቸው ናቸው። ሞያሌ አንድ ስም ሆና ሁለት ከተማ ናት፤ ለአዲስ አበባም ለናይሮቢም ወደ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የራቀች። ከእነርሱ ብዙዎቹ አክስታቸው ወይም አማታቸው ማዶ ናት። በመጋቢት 2018 እንደ ፈረንጆች፣ በእኛ በ2010 ዓ.ም.፣ ከማዶ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን በገደሉ ጊዜ ሺህ በሺህ ሆኖ የተሻገረውን ሰው መጀመሪያ ያስጠጋው የዚህ ከተማ ደጅ ነው። ማንያታ ማለትም በዚህ አገር የጎጆ ሠፈር ማለት ነው፤ ከብት አርቢው ቤተ ሰቡን ሰብስቦ የሚኖርበት። እኛ ሳንጠራ የገባንበት ማለት ነው። ውሃውም ለእነርሱም የሚመጣው ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር። ይህን እያወቅን ነው ያን ያልነው።

የሁለቱም ወገን ሽማግሎች ተቀምጠው ነገሩን አበረዱት። በቦረና ልማድ ፍሬው በቅቤ የተጠበሰ ቡና ቀረበ፤ እያንዳንዱ ከዕቃው ዘገነ። ከእኛ ወገን ከተቀመጡት አንዱ እኛ ነበርን፤ አፋችንን ከፍተን ያን ዓረፍተ ነገር ልንናገረው ሁለት ጊዜ አሰብን፤ ሁለት ጊዜም ቡናውን አኘክን። ሽማግሌዎቹ የፈረዱት ካሳ እንዲከፈል፣ ቀጥሎም ሁለቱ ቡድኖች እንዲጫወቱ፣ የወረወረውና የተወረወረበት ልጅም በአንድ ጎል ጀርባ አብረው ቆመው ኳስ እንዲያቀብሉ ነው። ካሳውን ከራሽናችን አዋጥተን ከፍለናል። የነገው ጨዋታ እንግዲህ ይህ ነው። 5 ለ 1 ብንሸነፍ ወደ ቤታችን እንገባለን። በሜዳው ላይ አንድ ክፉ ቃል ወይም አንድ ድንጋይ ቢወጣ ግን ቡናው ከንቱ ሆነ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በቧንቧው ዘንድ ልጆቻችንን ማን እንደሚልክ አናውቅም።

ልጁ እስከ ትናንት ድረስ አልቆምም ይል ነበር። ትናንት ከዛፉ ሥር፣ በልጆቹ ሁሉ ፊት፣ ያን የተናገርነውን መልሰን ተናገርነው፤ ሐሰት እንደ ነበረና ከንዴት እንደ ወጣ። ዝም አሉ። ልጁ፣ «ታዲያ ጋሼም ከጎሉ ጀርባ ይቆማሉ?» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። እኛ ግን ነገሩን ስናወጣ ስናወርድ አደርን።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ግብ ጠባቂነቱን ለወጥ ሠሪያችን አስረክበናል። ማንም አልተከራከረንም፤ ይህም ትንሽ ቅር አሰኝቶናል። ወጥ ሠሪው እጁ ሰፊ ነው፤ ትኩስ ድስት ያለ ጨርቅ የሚያወርድ ሰው ኳስ አይፈራም። በፊቱ የሚሰለፉት ተከላካዮች አራት ናቸው፤ ሦስቱ መምህራን። ለእነርሱ የተሰጠው ትእዛዝ ባለ ሞተሩን ልጅ ተከትለው እንዳይሮጡ ነው። አይደርሱበትም። ይልቅ ወደ ኋላ ቀድመው ቆመው ይጠብቁት፤ ኳሷ ብቻዋን ስትመጣ ይቀበሏት። ባለፉት ሁለት ጨዋታዎች ያለቅነው ኳስ ባገኘን ቁጥር ወደ ሰማይ እየላክን፣ መልሳ በእነርሱ እግር ላይ ስትወድቅ ነው። የነገው ሐሳብ የ2005ቱ ነው፤ በአጭር በአጭሩ መቀባበል። ሜዳው ግን የምግብ አዳራሹ ቴሌቪዥን ላይ እንዳየነው አይደለም፤ ድንጋዩንና እሾሁን ዛሬ ልጆቹ ለቅመዋል፤ ፍየሎቹን ግን ማንም ዋስ አይሆንም። በአሥር ሰዓት ፀሐይዋ በምዕራቡ ጎል በኩል ስለምትሆን ዕጣው ቢወጣልን ጀርባችንን ለእርሷ ሰጥተን እንጀምራለን። ነፋሱም እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አይተኛምና አቧራው በማን ዓይን እንደሚገባ ማሰብ ያስፈልጋል።

ተስፋችን በግራ ክንፍ ነው። ስሙን አንጽፍም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ያ ዝምተኛው፣ በኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቱን ሳይጨርስ የወጣው። በበረባሶ ነው የሚጫወተው፤ ጫማ ብንሰጠውም እግሬን አልሰማውም ብሎ መለሰልን። ያቺን የ5 ለ 1ዋን አንዷን ግብ ያገባው እርሱ ነው። የከተማው ልጆች እንኳ ኳስ ሲይዝ ሳቃቸውን ያቆማሉ። ስሙ ለካኩማ ወጥቷል፤ መኪናው ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል ተብሏል። ካኩማ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ትልቅ ካምፕ ነው፤ ሜዳም ቡድንም አያጣም። ከእኛ ጋር ግን ነገ የመጨረሻው ነው። ቅዳሜና እሑድ እንዲያርፍ፣ ዕቃውን እንዲያስር ብንለው፣ «የሚታሰር ዕቃ የለኝም» አለን። ልጆቹ በየደብተራቸው እንዲፈርምላቸው ትናንት ተሰልፈው ነበር፤ እርሱም በእያንዳንዱ ላይ የልጁን ስም ጽፎ ሰጣቸው፤ የራሱን አልጻፈም።

እናሸንፋለን ወይ? ሠፈሩ ውስጥ በዱቄት የሚወራረዱ እንዳሉ ሰምተናል፤ ነውር ነው እንላለን፤ ደግሞም አብዛኛው ዱቄት በከተማው ላይ ነው የተያዘው ይባላል፣ ይህ የበለጠ ነውር ነው። የእኛን ግምት የጠየቃችሁን እንደ ሆነ 2 ለ 1 እንሸነፋለን፤ ወይም ግራ ክንፉ እንደ ታሰበው ከሆነ 2 ለ 2 እንወጣለን። ከዚህ በላይ ብንጽፍ ነገ ማታ ወረቀቷን የሚያነበን አናገኝም።

ዳኛው ከሁለቱም ወገን ያልሆነ፣ ከትምህርት ቤቱ የመጣ ኬንያዊ መምህር ነው። ፊሽካ የለውምና ያለው ሰው እስከ ስምንት ሰዓት ለሻይ ቤቱ ያድርስ። ውሃ የምትጠጡት ይዛችሁ ኑ፤ ከሜዳው ዳር ካሉት ቤቶች አትጠይቁ። እናቶች በግራር ሥር ይቀመጡ፤ ልጆች ከመስመሩ አይለፉ። ድንጋይ ላይ መቀመጥ የሚፈልግ ቁጭ ይበል እንጂ ድንጋይ በእጁ አይያዝ።

እኛን የሚፈልግ ከምሥራቁ ጎል ጀርባ፣ ከሁለቱ ልጆች አጠገብ ያገኘናል። ይህን ስድስተኛ ቅጂ ስንጨርስ የኩራዙ ጋዝ አልቋልና የፊደሉን መጣመም ይቅር በሉን፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አስተላልፉ።